ሦስት ፕሮፎርማና አንድ ጆሮ

ጥሩብርሃንን ቤቴል ውስጥ የሚያውቃት ሰው አብዛኛው በድምጿ ነው የሚያውቃት። «አይዞሽ እናቴ፣ የት ነሽ? ከደጅሽ ቆመሽ ምን ይታይሻል?» ስትል የሰሟት፣ መልኳን ግን አይተው የማያውቁ ሴቶች ስንት እንደሆኑ እሷ ራሷም አትቆጥረውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጣ የአንድ የእናቶች ክሊኒክ ስልክ አንስታለች። ክሊኒኩ አንድ አምቡላንስ አለው። ስልኩን እሷ ታነሳለች፣ አምቡላንሱን ከሊፋ ይነዳል።

«ስልክ ማንሳት ደግሞ ምን ሥራ ነው?» የሚል አይጠፋም። ኧረ ተዉ! እስቲ በኛ ሰፈር የቤት ቁጥር አይቶ ቤት ያገኘ ሰው አሳዩኝ። ሚስቱን ምጥ የያዛት ባል ሲደውል «ዳቦ ቤቱ ጋ ነን» ይላል። ዳቦ ቤቱ እኮ ከፈረሰ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል! ሰውየው ግን አሁንም ዳቦ ቤቱ ጋ ነው የሚኖረው። ጥሩብርሃን የፈረሰውን ዳቦ ቤት ታውቀዋለች። የተነሳውን ፌርማታ፣ ቀለሙ የተቀየረውን አጥር፣ ባለቤቱ የሞተበትን ሱቅ ሁሉ ታውቃለች። ተወልዳ ያደገችው ኮልፌ ነው፤ አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው ውስጥ ቆርቆሮ ይሸጡ ነበር። ወጣትነቷን ደግሞ የጨረሰችው የሕዝብ ስልክ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ የሰውን ነገር በጆሮ መለየት ተማረች። ደዋዩ ሁለት ቃል ሲናገር እሷ ለከሊፋ መንገዱን ነግራ ጨርሳለች።

ነገሩ የተበላሸው የድሮው ባለ ሽቦ ስልክ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር መቆረጥ ሲጀምር ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር አምሐ «በቃ፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ እናስገባለን፤ ቁጥራችን እንዳለ ወደዚያ ይዞርልናል» አሉ። ጥሩብርሃን ደስ አላት። የክሊኒኩ ቁጥር በየአጥሩ ላይ ተጽፏል፤ ያ ቁጥር መጥፋት የለበትም።

ሂሳብ ሹሙ ይገዙ ከሦስት ድርጅት ፕሮፎርማ ሰበሰበ። ወግ ነው፤ ሳሙናም ይገዛ፣ አልጋም ይገዛ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይመጣል፣ ዝቅተኛው ያሸንፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ አለቀ። ዝቅተኛው ከመካከለኛው በግማሽ ይረክስ ነበር። ይገዙ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስክሪብቶ አቀበላቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ጥሩብርሃን ከበሩ። «ድምፁን ማን ሰማው?»

«እትዬ ጥሩ፣ ይሄ የዋጋ ጉዳይ ነው» አለ ይገዙ።

«አንተ ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ገለባብጠህ ታያለህ አይደል? እንግዲህ ስልኩንም ገለባብጠህ እየው።»

«መመሪያው ዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚለው።»

«መመሪያው አምጦ ያውቃል?»

ዶክተር አምሐ ሳቁ። የሳቁት ግን ስለገባቸው አልነበረም፤ ደስ ስላለቻቸው ነው። «እሺ፣ እሺ። ድርጅቱ ሁለት ሳምንት በነፃ ያስሞክራል ተብሏል። ይሞከርና እፈርማለሁ» አሉ። ጥሩብርሃን ሦስቱንም ወረቀት ወስዳ እየጮኸች አነበበች። ውዱ ደዋዩን በቪዲዮ ያሳያል ይላል። «ኧከከ! በኛ ሰፈር ማን ነው በቪዲዮ የሚያምጠው?» ብላ ወረወረችው። መካከለኛው የደዋዩን ቁጥር ያሳያል፣ መብራት ሲጠፋ ጥሪውን ወደ ሞባይል ያዞራል። «የኛ ይሄ ነው» አለች። የሰማት የለም። ርካሹ ተተከለ።

ርካሹ መጣላችሁ! ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። አንድ ነገር ጠይቃ መልስ ስትጠብቅ ዝም ይላል፤ «ሃሎ?» ስትል ያኔ መልሱ ይመጣና ከቃሏ ጋር ይጋጫል። ጠባብ በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች «እርስዎ ይግቡ፣ እርስዎ ይግቡ» ሲባባሉ ሁለቱም ደጅ እንደሚቀሩት ነበር። ይሄስ ይሁን፣ በጩኸትም በትዕግሥትም ትችለው ነበር። የማይቻለው ሌላ ነው። ማንም ይደውል፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «ያልታወቀ ቁጥር» ብቻ ነው። መስመሩ ከተቆረጠ መልሶ መደወያ የለም። ወደ ድርጅቱ ደውላ ስትጮህ አንድ ልጅ እግር «እማማ፣ እሱ በዚህ ጥቅል ውስጥ የለም» አላት። እማማ ብሎ ነገር! አቤቱታዋን ለይገዙ ስትነግረው እሱ ደግሞ «እስካሁን የጠፋ ሰው አለ?» ብሎ መለሰላት።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ ስልኩ ጮኸ። ያደሳ የሚባል ሰው ነው። «ባለቤቴ... ርሆቦት... የሽርት ውሃው ፈሰሰ... ሳንሱሲ ነን፣ ከ...» አለና ጭጭ። ያልታወቀ ቁጥር።

ጥሩብርሃን ዐይኗን ጨፈነች። ከሰውየው ድምፅ ጀርባ ምን ነበር? ወፍጮ ነበር፤ የሚንገጫገጭ። ከወፍጮው ጋር ደግሞ የታክሲ ረዳት «አስኮ! አስኮ!» ይል ነበር። ረዳት ካለ አስፋልት ዳር ነው። አስፋልት ዳር ያለ ወፍጮ ቤት ሳንሱሲ ውስጥ አንድ ብቻ ታውቃለች።

«ከሊፋ! ሳንሱሲ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት! ደርሰህ ካጣሃቸው መስኮትህን አውርድና ርሆቦት እያልክ ጩህ!»

ከሊፋ ጮኸ። ባልየው ደጋግሞ ቢደውል መስመር እንቢ ያለውን ስልኩን ይዞ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ መጣ። ርሆቦት ክሊኒክ በደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ እልል አለ። ጥሩብርሃን ግን ባኞ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ፈርታለች፤ ከፍርሃቷ ይበልጥ ግን ተናዳለች።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ዶክተሩ ቢሮ ተሰበሰቡ። ይገዙ ፊቱ በርቷል። «ይኸው! ትናንት ተፈተነ፣ ሠራ። በግማሽ ዋጋ ልጅ ተወለደች!» አለ። ዶክተር አምሐ እስክሪብቶውን አነሱ።

«ዶክተር» አለች ጥሩብርሃን፣ «ትናንት የሠራው መስመሩ አይደለም። ወፍጮው ነው የሠራው። ትናንት የሚፈጭ እህል ባይኖርስ? ረዳቱ ጉሮሮው ተዘግቶ ቢሆንስ?»

«ቢሆን፣ ባይሆን እየተባለ በጀት አይያዝም እኮ እትዬ ጥሩ» አለ ይገዙ።

«አንተ ዝም በል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ላንተ ነው።» የጆሮ ማዳመጫዋን ነቅላ ይዛ መጥታ ነበር፤ ፕሮፎርማው ላይ ጣል አደረገችው። «መስመሩ ከሠራ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ? እስከ ምሳ ሰዓት ስልኩን እርስዎ ያንሱልኝ። ከዚያ ደስ ካለዎት ይፈርሙ፤ እኔ ቦርሳዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ።»

ዶክተር አምሐ ቀና ብለው አዩዋት። «እያስፈራሩኝ ነው?»

«አዎን» አለች።

ዶክተሩ፣ ምናልባት በእልህ፣ ምናልባት ትንሽም አፍረው፣ ተነሥተው እሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥሩብርሃን እጇን አጣምራ ከጎናቸው ቆመች። የመጀመሪያው ደዋይ ቀጠሮ የሚጠይቅ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተጋጭተው ተግባቡ። ሁለተኛው ክትባት መቼ እንደሆነ ጠየቀ፤ እሱም አለፈ። ይገዙ በሩ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛው ጮኸ።

«ሃሎ» አሉ ዶክተሩ። ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው ተለወጠ። ድምፁን ወደ ማጉያው አዞሩት። ቀጭን የሴት ድምፅ ነው። «... ደም እየፈሰሰኝ ነው... ስምንት ወሬ ነው... ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ...»

«የት ነሽ? ሰፈርሽን ንገሪኝ!»

ዝምታ። «ሃሎ? የት...» ሲሉ የእሷ መልስ መጣና በድምፃቸው ላይ ወደቀ። ሰፈሩን ነግራቸው ነበር፤ ነግራቸው ነበር! በገዛ ጩኸታቸው ተዋጠ። «ድገሚልኝ እናቴ፣ ድገ...» ጭጭ።

ዶክተር አምሐ ስክሪኑን አዩ። ያልታወቀ ቁጥር። መልሰው ለመደወል አንዱን ቁልፍ ከሌላው እያስከተሉ ተጫኑ። ዶክተር ናቸው፣ የሚፈስ ደም በስንት ደቂቃ ምን እንደሚያደርግ ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ።

ከሊፋ ሰምቶ ኖሮ አምቡላንሱን አስነሥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ዶክተር፣ ወዴት ልሂድ?»

ዶክተሩ አሁንም ቁልፉን ይጫናሉ።

«ዶክተር! ወዴት ልሂድ?»

ወደ ጥሩብርሃን ዞሩ። «ከጀርባዋ ምን ነበር? እትዬ፣ እርስዎ ይለያሉ፣ ምን ሰሙ?»

«ምንም» አለች ጥሩብርሃን፤ እንባዋ መጥቷል። «ዝም ያለ ቤት ነው። ምንም አልነበረም።»

ይገዙ ወደ ድርጅቱ ደወለ። ቁጥሩን በደብዳቤ ጠይቁ፣ ሦስት የሥራ ቀን ይወስዳል አሉት። ከሊፋ አላስቻለውም፤ ዝም ብሎ ወጥቶ እስከ ቀትር በየመንገዱ ዞረ። ስልኩ ሴትየዋን መልሶ አላመጣም። ቤተሰብ ደርሶላት ይሆናል፣ ሌላ ክሊኒክ ሄዳ ይሆናል። ይሆናል ነው እንግዲህ። ደብዳቤው ተጽፎ ነበር፤ መልሱ «መረጃው አልተመዘገበም» ሆኖ መጣ።

መካከለኛው መስመር በሚቀጥለው ሰኞ ተተከለ። ዶክተር አምሐ የፈረሙት ያን ሐሙስ ቀን፣ እዚያው ጥሩብርሃን ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው። አሁን ስልኩ ሲጮህ ቁጥሩ ይታያል፣ ቢቆረጥ ጥሩብርሃን በአንድ ትንፋሽ መልሳ ትደውላለች።

ርካሹን ፕሮፎርማ አልጣለችውም። ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ከዋጋው ሥር በእጇ «ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ተኩል» ብላ ጽፋበታለች። አንድ ቀን ይገዙ መጥቶ፣ እንግዳ ሲያየው ጥሩ አይደለም፣ አንሱት እንጂ እትዬ፣ አላት በለሰለሰ ድምፅ።

«አነሳዋለሁ» አለች ከስልኩ ቀና ሳትል። «የዚያችን ሴት ስም አምጣልኝና አነሳዋለሁ።»

ወረቀቱ ዛሬም እዚያው ነው።