ተንበርክኮ የገባው ብርሃን

ትናንት ከአዳማ ተደውሎ «ቲቸር ግርማ አረፉ» ተባልኩ። ነፍስ ይማር ልል ነበር... አፌ እሺ አላለኝም።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ናዝሬት አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ማትሪክ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የቀበሌ ጥበቃዎች ቤታችንን ሊፈትሹ ገቡ። መሣሪያ ፈልገው የእንግሊዝኛ ደብተሬን አገኙ። እኔንም ደብተሬንም ይዘው ቀበሌ።

ደብተሩ ላይ ከልብ ወለድ የተወሰዱ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ ከሥራቸው አማርኛውን ጽፌያለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር አንዱ ላይ ጣቱን ተከለ። «ቀዩ ብርሃን ተንበርክኮ ወደ ቤቱ ገባ» ይላል።

«ቀይ ማለት አብዮቱ ነው» አለኝ። «ማን ነው ያንበረከከው?»

ሳቄ መጣ። እሱ ግን የምሩን ነው።

«ቲቸር ግርማ ናቸው ያስተማሩን። ይጠየቁ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። የተማመንኩት ወድጄ አይደለም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ክፍሉን በሙሉ አስቃ ነበር። «ብርሃን ደግሞ ጉልበት አለው እንዴ?» ስንል ቲቸር አስነስተው በሩ ጋ አቆሙን። የከሰዓት ፈረቃ ነበርን፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች።

«እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ናት፣ በበር አትገባም» አሉ። «አሁን ግን እዩዋት። እንዲህ ዝቅ ብሎ በበር የሚገባ ሰው ምን ይመስላል?»

«የተንበረከከ!» አልኩ። ራሴን ዳበሱኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አልከበደኝም።

እና ቲቸር ተጠርተው መጡ።

«ጓድ መምህር፣ ይሄን እርስዎ ነዎት ያስተማሩት?»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት...

«እንዲህ ያለ ነገር አላስተማርኩም። ትርጉሙንም አላውቀውም።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ጠበቅኩ። አስራ ሁለት ሰዓት ግድም ነው፤ የቀበሌው በር ወደ ምዕራብ ያያል። ቀይ ብርሃን በበሩ ዝቅ ብሎ ገብቶ፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ፣ የቲቸር ጫማ ጋ ደርሷል።

«ቲቸር፣ ያውልዎት! ገባ እኮ!» አልኩ በጣቴ እያሳየሁ።

አዩት። አይተውም እግራቸውን ሰበሰቡ። እኔን ግን አንዴም ሳያዩ ወጥተው ሄዱ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

በሩን የሚቆልፍብኝ ጥበቃ እንኳ አዘነልኝ። «ኦብሲ ወንድሜ... ቻለው» አለኝ። ሁለት ወር ቻልኩት። ጓደኞቼ ማትሪክ ሲፈተኑ እኔ እዚያው ነበርኩ።

እናቴ ምሳ ስታመጣልኝ ለሳቸው ትከራከር ነበር። «ልጆች አሏቸው እኮ፣ ፈርተው ነው።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» አልኳት።

መፍራታቸው ዛሬ ይገባኛል። ግን እውነቱን ልናገር... እስካሁን ያንገበግበኛል። መካድ ካልቀረ ምናለ አንዴ እንኳ ቢያዩኝ!

የታሰርኩበት ክፍል በር ከሥሩ ክፍተት ነበረው። ቲቸር አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቁኝ አልመጡም። ያስተማሩኝ ብርሃን ግን በየቀኑ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ተንበርክኮም ቢሆን፣ ይጠይቀኝ ነበር።