ዘሩባቤል ብቻ የሚሰማት ኖታ

ይሰማ! ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ ገሱባ ገበያ ድረስ የምትኖሩ፣ ባጃጅ የምትነዱም ሆናችሁ በባጃጅ የምትነዱ፣ ቢሮ ገቢዎችም ሆናችሁ የቢሮ ደጅ ጠኚዎች፣ ሁላችሁም ዕወቁ! ዘሩባቤል ቦልቴ የተባለ፣ ከቫዮሊን ሳጥኑ ብዙም የማይረዝም፣ የሳጥኑ መቆለፊያ ስለተሰበረ በጫማ ማሰሪያ ጠፍሮት የሚዞር ወጣት፣ ክላሲካል የተባለውን የአዳራሽ ሙዚቃ ከወላይታ የሰርግ ጭፈራ ጋር አጋብቷል። ጋብቻው ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ተቃውሞ ያለው አቤቱታውን በሁለት ኮፒ ያቅርብ፤ አንዱ ይጠፋል፣ ሌላው አይነበብም።

ከአዋጁ ስንመለስ፣ ዘሩባቤል የሶዶ ልጅ ነው። ኪቦርድ የለመደው ቤተ ክርስቲያን፣ ከኳየር ጋር ነው። ቫዮሊን ያስተማረው ደግሞ ስልኩ ነው፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይማራል፣ ኔትወርክ ሲሄድ ይለማመዳል። የኛን ከተማ ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው ልጁ ምን ያህል እንደተለማመደ መገመት አያቅተውም።

ቫዮሊኑን መጀመሪያ ሰርግ ላይ ይዞ የወጣ ቀን አንዲት የሙሽራዋ አክስት ከድንኳኑ መሃል ተነሱና፣ «አንተ ልጅ፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉት። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ዘሩባቤል ከበሮ መቺውን በዓይኑ ጠቀሰው። ከበሮው ገሰገሰ፤ ቫዮሊኑ ከላዩ ላይ ሳይቸኩል፣ እንደተከፋ ሰው ይሄድ ጀመር። ወገብ ሌላ ይላል፣ ዓይን ሌላ ይላል። እኚያው አክስት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ እንባቸውን እየጠረጉ እንደ ኮረዳ ሲጨፍሩ ታዩ። ከዚያ ወዲያ የልጁ ስም ተቀየረ፤ «ክላሲክ» ተባለ። ላልሰሙት ነገር ስም ማውጣት እንደሆነ እናውቅበታለን።

ዘሩባቤል የሚጫወትበት የሰርግ ባንድ አለቃ ቲቶ ነው። ለአለቅነት ያበቃው ዜማ እንዳይመስላችሁ፤ ሞንታርቦ ነው። ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ጥቋቁር ሞንታርቦዎች አሉት፤ ሲያስጮሃቸው የድንኳኑ ሸራ እንደ ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል። በሶዶ የሰርግ ክብር የሚለካው በሥጋው መስሎት የሚከራከር የዋህ ካለ ይታረም። ጎረቤት «ኧረ ጆሯችን!» ብሎ ካልወጣ ባለሰርጉ እንደተዋረደ ይቆጥረዋል። ነጋዴው፣ ሹሙ፣ ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቀው፣ ሁሉም በዚህ አንድ ነው። ሳንሰበሰብና ሳንወያይ በሙሉ ድምፅ ያጸደቅነው ብቸኛው ውሳኔ ይኸው ነው።

የዘሩባቤል መቆሚያ ደግሞ ከግራው ሞንታርቦ ሥር ነው፤ የግራ ጆሮው ከዚያ ጥቁር ሳጥን ጋር እንደ ጓደኛ ትከሻ ለትከሻ ይቆማል።

ዘንድሮ ለግፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በከተማው አዳራሽ የራሱን ሥራ ሊያቀርብ ተፈቀደለት። ሰርግ የለ፣ ሙሽራ የለ፣ የሚበላ የለ፤ ሰው ተቀምጦ ዝም ብሎ የሚሰማው ሙዚቃ! ልጁ ይህን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው ኖሯል። ከልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ከኪቦርድ ተጫዋቿ ከቤዛዊት ጋር ልምምድ ጀመረ።

«መጀመሪያ ያቺን የላይኛዋን ኖታ ያዢልኝ» አላት። «እስከ መጨረሻ አትልቀቂያት። ሁሉም ነገር የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።»

«የትኛዋን?»

«ይቺን የምትጮኸዋን።»

«ምን ይጮኻል?»

«ኧረ ቤዚ! ሲሲሲ የምትለዋ!»

ቤዛዊት ጆሮዋን አቀናች። «ክላሲክ፣ ምሳ በልተሃል?»

የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ይሆናል ብሎ ነቀለው። ኪቦርዱን ነቀለ። አምፖሉን አጠፋ። ወደ ሱቁ ሄዶ ልብስ ሰፊውን ለምኖ የስፌት መኪናውን አስቆመው፤ ሰውየው «ለሙዚቃችሁ ደግሞ የእኔ ዝምታ ምን ሊያደርግላችሁ?» እያሉ አጉረመረሙ።

«አሁንስ?» አላት ተመልሶ።

«አሁን የአንተ ትንፋሽ ይሰማኛል። ሌላ ምንም የለም።»

ኖታዋ ግን አለች። ከቅድሙ ይልቅ ጠርታ አለች። ሥራውን ሁሉ ያስደገፈባት ያቺ ቀጭን ፉጨት ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ራሱ ውስጥ ነበረች። «ስቀልድብሽ ነው» ብሎ ሳቀ። ቤዛዊትም ሳቀች። እሱ ግን ደጋኑን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ልምምዱን በዚያው ጨረሰ።

ቤቱ ገብቶ የቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ደፈነና እናቱን ወርቂቱን፣ «ኣዬ፣ እስቲ አንድ ነገር በይኝ» አላት፤ እናት በቤታቸው ቋንቋ ኣዬ ናት። ወርቂቱ ተናገረች። ድምፅዋ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ደረሰው። ጆሮዬ ይጮኻል ብሎ ሲነግራት አልደነገጠችም፤ «ሰው እያማህ ነው» አለችው። በዚህ ሂሳብ ቢሆን ኖሮ ሶዶ ውስጥ የሚሰማ ሰው ባልተገኘ ነበር! ቢሆንም እጇን ጭና የጸለየችለት እሷ ብቻ ናት። ጸሎቱ ሲያልቅና ቤቱ ጸጥ ሲል ፉጨቷ ተመለሰች። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምታን መፍራት ጀመረ። ሬዲዮ ካልተከፈተ እንቅልፍ እምቢ አለው። ዝም ብሎ የሚሰማ አዳራሽ ሲመኝ የኖረ ሰው፣ አስቡት።

ለማንም ሳይናገር ኦቶና ሆስፒታል ሄደ። ጽጌሬዳ የምትባል የጆሮ ባለሙያ ማዳመጫ አጠለቀችለትና፣ «ድምፅ በሰማህ ቁጥር እጅህን አንሳ» አለችው። አነሳ። አወረደ። እንደገና አነሳ። ጎበዝ ተማሪ የሆነ መስሎት ነበር።

«ወንድሜ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ገና አልጀመርኩም።»

ምርመራው ሲያልቅ ሥራውን ጠየቀችው፤ ነገራት። የት እንደሚቆም ጠየቀችው፤ ነገራት። «ከግራው የሄደው አይመለስም» አለችው። «ቀኙ ደህና ነው። ከሞንታርቦ ከራቅህ ደህና ሆኖ ሊቆይ ይችላል።»

«ባልርቅስ?»

የማዳመጫውን ገመድ እየጠቀለለች፣ «እባክህ ራቅ» አለችው።

አሁን ብልህ የሆናችሁ አንባቢዎች «ታዲያ ለምን አይርቅም?» ትላላችሁ። ምክር ለመስጠት ማን ብሎን! መስማት እያቃተው ነው የተባለ ሙዚቀኛን ማን ሰርግ ይጠራዋል? የአዳራሹ መድረክስ ለእሱ ይቆየዋል? ስለዚህ ልጁ እውነቱን ዋጠና ቲቶን፣ «አለቃ፣ ብርድ መትቶኛል፤ ትንሽ ብትቀንሰው?» አለው።

«ብቀንሰው ማን ሰርግ ነበር ይላል?» አለ ቲቶ። ቀና ብሎ የልጁን ጆሮ ሲያይ ጥጥ ተወትፎበታል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ተገነዝክ እንዴ? እዚህ ሬሳ አላሰልፍም! ካልቻልክ ኪቦርድ ይበቃናል።»

ባንዱ ሳቀ። ዘሩባቤልም አብሮ ሳቀ። ጥጡን ከግራው አወጣና ቀኙን ተወው።

ያለፈው እሁድ ሰርጉ ገሱባ ነበር። ዘሩባቤል ድንኳኑ ውስጥ ቦታ መረጠ፤ የሞተውን ግራ ጆሮ ለሞንታርቦው ሰጠ፣ ሕያው የሆነውን ቀኝ ወደ ውጭ አዞረ። ቫዮሊኑ ጀመረ። ከበሮው ተከተለ። የሙሽራው አባት እየተጋፉ መጡና፣ «ማዶ ያለው ሰፈር አይሰማም እኮ!» አሉ። ቲቶ ጨመረ። ሰው ተነሳ፣ አቧራው ተነሳ። አንድ ሞቅ ያለው ሚዜ ግንባሩ ላይ ብር ሊለጥፍለት ቀርቦ ጥጡን አየ። «ክላሲክ በሙዚቃችን ጆሮውን ይደፍናል!» ብሎ እየጮኸ መንጭቆ ጣለው። ሰዉ አጨበጨበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኔና እናንተ ድምፅ ሲበዛብን ጆሯችንን እንይዛለን። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው አንድ እጁ ክሩ ላይ ነው፣ ሌላው ደጋኑ ላይ ነው። ልጁ ቆሞ እየተጫወተ ያ ጥቁር ድምፅ በቀኝ ጆሮው ሲገባ ዝም ብሎ ይጠብቀው ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ። «እያጨበጨበልኝ ያለ ሰው የጆሮዬን በር ሲሰብር ይሰማኝ ነበር» አለኝ።

ወደ ሶዶ ሲመለሱ ሚኒባሱ በዚያ ኮረኮንች ላይ ይዘላል። ቤዛዊት አጠገቡ ተቀምጣ ታወራለች፤ ከንፈሯን እያየ ይስቅላታል። ድንገት ሳቁን አቆመ። ከቀኙ በኩል ሌላ ኖታ ጀመረች። ከግራዋ በጥቂት ዝቅ ያለች ናት። ሙዚቃ የተማረ ያውቀዋል፤ እንዲህ የተጠጋጉ ሁለት ኖታዎች አብረው ሲጮኹ እንደ ቢላና ሞረድ ይፋጫሉ። መስኮቱን ከፈተ፣ ንፋስ ገባ፤ አልጠፉም። «ምን ሆንክ?» የሚለውን የቤዛዊትን ጥያቄ የሰማው ደግማ ደጋግማ ካለችው በኋላ ነው።

ግፋታ እየቀረበ ነው። ልጁ አሁን አንድ ሂሳብ ብቻ ይሠራል፤ ከአዳራሹ በፊት ስንት ሰርግ ቀርቷል፣ ቀኝ ጆሮውስ ስንቱን ይችላል? ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሁለት ጣቶቹን ከቀኝ ጆሮው አጠገብ ማፋተግ ነው። ፍትጊያው እስኪሰማው ድረስ ትንፋሹን ይይዛል። ሰሞኑን ትንፋሹን የሚይዝበት ጊዜ እየረዘመ ነው።

ቅዳሜ ልጅዎን የሚድሩ፣ እዚሁ ሶዶ ቲቶን የተከራዩ የተከበሩ ባለሰርግ ሆይ! ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ለእርስዎ ነበር። ቲቶ የሚሰማው የከፈለውን ሰው ብቻ ነው። ሚክሰሩ ላይ አንዲት ክብ ቁልፍ አለች፤ ወደ ግራ ስትዞር ድምፁ ይቀንሳል፣ የሰርግዎ ክብር ግን አይቀንስም፤ ይቀንሳል የሚል ካለ እኔ ጋ ይላኩት። መክሰስ ሳይቀርብ፣ ጭፈራው ሳይደምቅ፣ ቲቶን በእጅዎ ጠቀስ አድርገው ይጥሩትና አንዲት ቃል ብቻ፣ «ቀንሰው» ብቻ ቢሉልን…