እንግዳ የሚያስነሣ ውሃ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሲቀላ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ባለቤቴ ቤት ውስጥ ዓሣ ካላረባሁ አለ። የመስኮት መስታወት አስቆርጦ፣ በማስቲሽ አያይዞ፣ የሕፃን አልጋ የሚያህል ሣጥን ሠራ። ከኩልፎ ወንዝ በጀሪካን ያመጣቸውን ጣት ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ለቀቀበት። በማግስቱ ሁሉም ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ርቧቸው ነው እንዴ?» አልኩት።

«የወንዝ ልጆች ናቸው፤ የቆመ ውሃ አፈናቸው» አለኝ።

መብራት እንዳሻው በሚጠፋበት ከተማ ሞተር የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ከመስኮቱ ውጭ፣ በእንጨት ቆጥ ላይ በርሜል ሰቀለ፤ ከሥሩ ቧንቧ ገጠመለትና ውሃውን በጎማ ወደ ሣጥኑ አወረደው። ሞልቶ የሚተርፈው በሌላ ጎማ ወጥቶ የጓሮ ሙዛችንን ያጠጣል። በርሜሉን መሙላት ለእኔ ደረሰ።

መጀመሪያ ቧንቧውን ሲከፍተው ዓሦቹ ጎርፍ እንደወሰደው ቅጠል ተጠራርገው ጥግ ላይ ተለጠፉ፤ አሸዋው ተነሥቶ ውሃው ጠላ መሰለ። ሲያጠብበው ደግሞ ጠብ ጠብ ብቻ ሆነና እንደገና አፍ መክፈት ጀመሩ። በመጨረሻ የጎማውን ጫፍ ደፍኖ፣ ጎኑን በጋለ ምስማር በሳስቶ ውሃው ላይ አጋደመው። ውሃው በየቀዳዳው ተከፋፍሎ ሲወርድ ዓሦቹ ፊታቸውን ወደ ወራጁ አዙረው፣ ጅራታቸውን እያወዛወዙ ቆሙ። ባለቤቴ ልጅ የተወለደለት ያህል ፈነደቀ።

በዚያው ሰሞን አጎቱ የመሬት ክርክር ኖሯቸው ከጨንቻ ወረዱ። ቀጠሯቸው በተራዘመ ቁጥር እሳቸውም አብረው ይራዘማሉ። ጨዋታቸው ያው ክርክሩ ነው፤ ከአያታቸው ድንበር ይጀምሩና ምሳ ሲደርስ ምስክሮቹ ገና አልተጠሩም። የሚቀመጡት ደግሞ ከዓሦቹ አጠገብ ነው። አንድ ቀን ዋናው ምስክር ላይ ሲደርሱ ድንገት አቋረጡና፣

«ልጄ፣ ትንሽ ወጣ ብዬ ልምጣ» አሉ።

ተመልሰው ገና ከመቀመጣቸው እንደገና ተነሡ። ያኔ ገባኝ፤ ለካ የሚያስወጣቸው የውሃው ድምፅ ነው!

ከዚያ ወዲያ እሳቸው «ያኔ አያቴ...» ሲሉ እኔ እጄን በመስኮት አሾልኬ ቧንቧውን ላላ አደርጋለሁ። ሹሹታው ከፍ ሲል አጎት ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ! ሲመለሱ ወሬው የት እንደደረሰ ይጠፋቸዋል፤ እኔም አላስታውሳቸውም። ባለቤቴ «ዓሦቼን የሚያንገላታብኝ ማነው?» እያለ ቧንቧውን ሲያስተካክል ይውላል።

ታዲያ አንድ ቀን እጄ ቧንቧው ላይ እንዳለ አጎት ከጓሮ ሲመለሱ በውጭ በኩል አዩኝ።

«ይህች እጅ የማን ናት?»

ክው አልኩ። ቧንቧውን አዩ፣ ጎማውን አዩ፣ ከዚያ ገብተው ተቀመጡ። አስተያየታቸው አላማረኝም።

እሑድ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሊጠይቁን መጡ። ከከሰዓት ፈረቃ ወደ ጠዋት እንዲያዛውሩኝ ልለምናቸው አስቤ ዶሮ ሠርቼ ነበር። ከምሳ በኋላ በአጎት ወንበር አስቀመጥኳቸውና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አጎት የሉም። ቀና ስል በመስኮቱ የጋቢ ጫፍ አየሁ።

«ጋሼ፣ ስለ ፈረቃው...»

ውሃው ሹሹሹ! ርዕሰ መምህሩ እግራቸውን አጣመሩ።

«ቆይ፣ መጣሁ!»

መጡ። ጀመርኩ። ውሃው ባሰበት። ሰውየውን ላብ አጠመቃቸው።

«ጠዋት ነው የፈለግሽው? ይሁን፣ ጠዋት ግቢ!» አሉና ኮፍያቸውን ይዘው ሮጡ።

አጎት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ገቡ።

«የእኔም ዳኛ እዚህ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ፣» አሉኝ፣ «ክርክሩ ድሮ ባለቀ።»

ሁለታችንም በሳቅ ስንፈርስ ባለቤቴ ጥግ ላይ የተለጠፉትን ዓሦች አየ። ውሃውን በልካቸው አደረገና የቧንቧውን እጀታ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ዓሦቹ ሰላም አገኙ። እኔ ግን ክርክሩን ከአያታቸው ድንበር እስከ መጨረሻው ምስክር ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ለነገሩ እውነታቸውን ነበር፤ መሬቱ የእሳቸው ነው።