የከሰዓቱን ጥናት የዘጋሁት እኔ ነኝ

ለነፍስ አባቴ ብዙ ተናዝዣለሁ። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ከእህቴ ጋር ተኳርፌ ሁለት ፋሲካ ማሳለፌን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ለባሌም አልነገርኩትም፤ አፈር ይቅለለውና ሳይሰማው ሞተ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይምሰላችሁ። ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ጋምቤላ ገና ክልል የሆነችበት ሰሞን ነው። እኔ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ነበርኩ። እዚያ ሙቀት ውስጥ ማስተማር ምን እንደሆነ ያላየ አያውቀውም፤ ረፋድ ላይ የክፍሉ ቆርቆሮ ሲግል ልጁም መምህሩም ይዝላል። ስለዚህ ማለዳ፣ ከደወል በፊት፣ የማጠናከሪያ ጥናት ጀመርኩ። «እኔ ነኝ የጀመርኩት» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። አሁንም ይኸው አወራሁ!

ከዚያ ኦቻላ የሚባል መምህር መጣ። ኦቻላ አኙዋ ነው፣ የከተማው ተወላጅ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራንን የሚመራ ፕሮቴስታንት። በትምህርት ደረጃ ከእኔ ያንሳል፤ አማርኛውንም ወንዱን ከሴት እያደባለቀ ነበር የሚናገረው። እሱ ደግሞ የራሱን ጥናት ከሰዓት ጀመረ፤ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል። እኔ ያላየሁትን አይቶ ነበር። ሴቶቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ባሮ ወርደው ውሃ መቅዳት፣ ሕፃን ማዘል፣ በቆሎ መውቀጥ ይጠብቃቸዋል፤ ደብተር የሚገለጥበት ሰዓት የለም። ኦቻላ ቤት ለቤት ዞሮ ወላጆቹን ለመነ። «ጄሪካኑን ይዛ ትምጣ፤ ትማርና በዚያው ወንዝ ወርዳ ቀድታ ትመለስ» አላቸው። እሺ አሉት። አሥር ሰዓት ሲሆን በክፍሉ ግድግዳ ሥር ጄሪካን ይደረደራል። ሕፃን ያዘለችም ካዘለችው ጋር ትገባለች። እኔ ከጎን ባለው ክፍል ተቀምጬ ደብተር ሳርም ድምፃቸውን እሰማለሁ።

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ተለወጡ። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ሲባሉ ጣታቸውን ይቆጥሩ የነበሩት፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ ከአፌ እየነጠቁ መመለስ ጀመሩ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? የእኔው ተማሪዎች አይደሉም እንዴ? ግን ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ «የኦቻላ ጥናት ፍሬ አፈራ» ባለ ጊዜ ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። የእኔ የማለዳው ክፍል በበኩሉ እየሳሳ ሄዶ ነበር። በባዶ ሆድ ማለዳ መምጣት ስለከበዳቸው ነው፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ደግሞም ሥራው ሁሉ ለአገሬው ልጅ ሊሰጥ ነው የሚባልበት ጊዜ ስለነበር፣ ወንበሬን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ ማለቱም ማሳመሪያ ነው። ቀናሁ።

ኦቻላ ጥናቱን የሚጀምረው በዜማ ነበር። ልጆቹ እያጨበጨቡ በአኙዋ ቋንቋ ይዘምራሉ፤ ዜማው በእሱ ቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ የምሰማው መዝሙር ነው። አንድ ማለዳ አሪየትን ጠየቅኋት። አሪየት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ታናሽ እህቷን አዝላ የምትማር፣ በማለዳውም በከሰዓቱም የማትቀር። አባቷ ቁርጡን ነግሯት ነበር፦ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ይሰጥ የነበረውን የሚኒስትሪ ፈተና ካለፈች ሰባተኛ ትገባለች፤ ከወደቀች ገጠር አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ትምህርት በዚያው ያበቃል።

«ከሰዓት የምትዘምሩት ምንድን ነው? ጸሎት ነው?» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «አይ ቲቸር! ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ሰባት ጊዜ ሁለት አሥራ አራት፣ እሱ ነው። ዜማው ብቻ የቸርች ነው።»

ከዚያም ጠረጴዛዬን በጣቷ እየመታች መስመር በመስመር ተረጎመችልኝ። ገባኝ። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፤ ገብቶኛል።

በሦስተኛው ቀን ለትምህርት ቢሮ ማመልከቻ ጻፍኩ። «በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በጥናት ስም፣ ልጆቻችን ሃይማኖት እየተሰበከላቸው ነው» አልኩ። ከሥሩ «አንድ ተቆርቋሪ ወላጅ» ብዬ ፈረምኩ። ያኔ እንኳን ተቆርቋሪ ልሆን ልጅም አልነበረኝም።

ከትምህርት ቢሮ የተላከው ሱፐርቫይዘር የመጣው ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ነው። እሱም ደገኛ፣ ለአገሩ አዲስ ሰው ነው። ልክ አሥር ሰዓት ላይ ደርሶ ዜማውን በጆሮው ሰማ፤ ወዲያው ኦቻላን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራው። እኔም የጎን ክፍል መምህርት ነሽና ነይ ተባልኩ። ቢሮዋ ጠባብ ናት፣ መስኮቷ አንድ ነው፤ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። ኦቻላ ተረጋግቶ አስረዳ፤ የማባዛት ሠንጠረዥ ነው አለ።

«ዜማውስ? ዜማው የመዝሙር አይደለም?» አለው ሱፐርቫይዘሩ።

«አዎ፣ የመዝሙር ናት» አለ ኦቻላ። መዋሸት አይችልበትም። እኔ ብሆን የሠርግ ዘፈን ነው ብዬ እገላገል ነበር።

ልጆቹ ይጠየቁ ሲባል፣ ልጅ ለአስተማሪው ያዳላል ተባለ። ቋንቋውን የሚያውቁት ሌሎች መምህራን ይጠየቁ ሲባል፣ እነሱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው ተባለ። ኦቻላ ግራ ገብቶት ዞር ዞር ካለ በኋላ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ፊቱ በራ። በእውነት በራ!

«ቲቸር በየቀኑ ትሰማለች» አለ። «እሷ ቸርቻችን አይደለችም፤ ለማንም አታዳላም። እሷ ትመስክር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውጭ አሪየት ቆማለች፣ እህቷን እንዳዘለች፣ ጄሪካኗን እንደያዘች። ዓይኗን አየሁት። ቲቸር አሁን ትናገራለች ብላ እየጠበቀች ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

«እኔ ቋንቋውን አላውቅም» አልኩ። «እኔ የምሰማው መዝሙር ነው።»

ውሸት ነው? ቋንቋውን በእርግጥ አላውቅም፣ ዜማውም በእርግጥ የመዝሙር ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ራሴን ሳባብል ኖርኩ! አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ፤ የእኔ አፍ ግን አልከዳኝም፣ ያዘዝኩትን ነው የተናገረው። ቀና ስል በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ጥናቱ «እስኪጣራ ድረስ» ታገደ። የሚያጣራ ሰው አልመጣም። ኦቻላ በወሩ ገጠር ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። አሥር ሰዓት ሲሆን ያ ግቢ ጭር ይላል፤ ልጃገረዶቹ ከትምህርት ቤት እንደወጡ በቀጥታ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ወቀጣ ሆነ።

ጥናቱ በታገደ ማግስት አሪየት ማለዳ እኔ ክፍል መጣች። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለማን ልትናገር ነው እያልኩ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ለማንም አልተናገረችም፤ በእነሱ ዘንድ ልጅ አስተማሪዋን ዋሸሽ አትላትም። ያልገባትን ልትጠይቅ እጇን አወጣች፤ እንዳላየ ሆንኩ። በነጋታውም አወጣች፤ ሌላ ልጅ ጠራሁ። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ፈርቼ! አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግኋት። ከዚያ በኋላ በማለዳ መምጣቷን ተወች። ከሰዓቱን ወሰድኩባት፤ ማለዳውንም ነሳኋት።

ውጤት ሲለጠፍ ከልጆቹ ቀድሜ ሄጄ ስሟን ፈለግኩ። ወድቃለች። በሒሳብ ነው የወደቀችው፣ በእኔ ትምህርት። ክረምቱ ሳይገባ አባቷ ይዟት ወደ አክስቷ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ፈልጌያትም አላውቅም።

ኦቻላን ግን አገኘሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ባሮ ድልድይ ላይ። ሸብቷል፣ ከስቷል። ገና ከሩቅ «ቲቸር!» ብሎ ጮኸና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያን ነገር ብዙ አሰብኩ» አለኝ። «ጥፋቱ የእኔ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኔ ስታስተምሪ አንድ ቃል የእኛን ቋንቋ አላስተማርኩሽም። ብታውቂ ኖሮ ያን ቀን ታድኚኝ ነበር። ሳታውቂው አንቺን ምስክር ብዬ በሰው ፊት አስጨነቅኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከእኛ በቀር በአቅራቢያው ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሪየት ተርጉማልኝ ነበር ማለት እችል ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቢተፋብኝ ደግ ነበር። እሱ እጄን ይዞ መልሴን ይጠብቃል።

«ምንም አይደል» አልኩት። «ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው።»

አመሰገነኝ። ዓመት ሳይሞላው መሞቱን ሰማሁ፤ ለቅሶውም ላይ አልደረስኩም።

ልጅነት ነው አልልም፣ የዘመኑ ግርግር ነው አልልም። አውቄ ነው። እኔ ኦቻላን ይቅር አልኩት። እናንተ እኔን ይቅር አትበሉኝ።