በር ላይ የቀረ ማተብ

በር ላይ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ማሰሪያና ስልኬን ወሰዱ። ከኋላዬ የቆሙት ሽማግሌ የሚወሰድባቸው ነገር አልነበራቸውም። ጠባቂው አንገታቸውን አየና ማተባቸውን በመቀስ ቆረጠው። “ክር አይገባም” አለ። ሰው እንዳይታነቅበት ነው አሉ። ሽማግሌው አንገታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሲገቡ የተመቱ መስሎኝ ነበር።

የገባንበት ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ ግድግዳው ሳይቀር የነቀዘ ማሽላ ይሸታል። ጎንደር ከተማ ውስጥ መሆናችንን የማውቀው ከውጭ በሚሰማው የባጃጅ ጩኸት ብቻ ነበር።

ሁለታችንንም የያዙን ከመካነ ብርሃን በሚመጣ መኪና ላይ ነው። እኔ ለቅሶ ደርሼ ወደ ሆስፒታል ሥራዬ እየተመለስሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ሊታከሙ እየመጡ። ኬላ ላይ ደረሰኝ የሌለው መድኃኒት የታጨቀበት ቦርሳ ወንበር ሥር ተገኘ። የማን ነው ሲባል ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። የሆስፒታል ሠራተኛ በመሆኔ መርማሪው የኔ ነው ብሎ ደመደመ። የጎደለው ምስክር ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት ደግሞ ሽማግሌው ናቸው። ቦርሳውን ማን እንዳስቀመጠው አላዩም። ቢሆንም “የሱ ነው” ብለው መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ከማሉ ዕለቱን ቤታቸው እንደሚገቡ ተነገራቸው። ይህን ቀትር ላይ ከምርመራ ተመልሰው ራሳቸው ነገሩን። ለማሰብ እስከ ነገ ጠዋት ተሰጥቷቸዋል።

ስማቸውን አልጽፍም፤ “አያ” ነበር የምንላቸው። “የምንላቸው” ያልሁት ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ሂሳብ የሚያስተምር አንድ ጴንጤ ቀድሞን እዚያው ታስሮ ስለነበር ነው። አያ ቄስ ቢያጡ የልባቸውን እሱን ጠየቁት።

“ልጄ፣ በሐሰት ብምል ነፍሴ ትጠፋለች?”

“አያ፣ አንዴ ያመነ ሰው ድኅነቱን አያጣም። ከጌታ እጅ የሚነጥቀው የለም። ተገደው የሚያደርጉትንም እሱ ያያል።”

አያ ቀና አሉ። “እንግዲያ ልማልና ልሂድ?”

“ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም!”

“ምነው? አትጠፋም አላልኸኝም?”

“በእውነት ያመነ ሰው እንዲህ አያደርግማ።”

“ካደረገስ?”

መምህሩ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። “ያኔ መጀመሪያውንም አላመነም ማለት ነው።”

“ታዲያ ማመን አለማመኔን የማውቀው ከሞትሁ በኋላ ነዋ!” አሉ አያ። “ለእኛ የተነገረን እስከ መጨረሻ የጸና ይድናል ነው። አሁን ማተቤም የለ። ክርስትና ከተነሳሁ ጀምሮ አንገቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እንዲህ እንዳለሁ ብሞትስ?”

“ክር እኮ ነው አያ! ድኅነት ክር ላይ አይንጠለጠልም።”

“ያንተ አይንጠለጠል ይሆናል።”

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ጥርሴን ነክሻለሁ። የሚማልብኝ እኔ ነኝ። ክርክሩ ግን ስለሚምለው ሰው ነፍስ ብቻ ነው፤ የሚማልበት ሰው እዚሁ ሊበሰብስ እንደሚችል ያነሳ የለም። እንዳልናገር “ለራሱ ፈርቶ ነው” እባላለሁ። እንዳልተወው የኔው አንገት ነው።

መምህሩ ቀጠለ። “ጴጥሮስስ? ክዶ ተመልሶ የለም?”

“ለጴጥሮስ ዶሮ ጮኸለት። የእኔ ንስሐ አባት ያሉት አገሬ ጃናሞራ ነው። ለእኔ ማን ይጮህልኛል?”

“እኔ ልጩህልዎ?” አልሁ። ድምፄ ካሰብሁት በላይ ወጣ።

አያ ዞረው በታመመ ዓይናቸው ብዙ አዩኝ። “አንተን እንኳ ረስተንህ ነበር” አሉ። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

ጠዋት ወሰዷቸው። መምህሩ ከጋቢው ጫፍ ክር እየመዘዘ ሲገምድ ዋለ። “ክር አይደል እንዴ?” አልሁት፤ ንዴቴ አልወጣልኝም። “ለእሳቸው አይደለማ” ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

አያ ሲመለሱ ከንፈራቸው አብጧል። ተቀመጡና ውሃ ጠየቁ።

“ማል አሉኝ። ማተቤን በር ላይ ቆርጣችሁታል፣ ማተብ የሌለው ሰው መሐላ ምን ይረባችኋል? አልኋቸው።”

መምህሩ የገመደውን ክር አወጣና በሁለት እጁ ሰጣቸው። አያ በጣታቸው ዳበሱት፤ ከንፈራቸው እያመማቸው ሳሙት።

“ሸጋ አርገህ ገምደኸዋል። ግን አታስርልኝ። አንገቴ ላይ ካዩት ነገ ያስምሉኛል።” ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ደብቅልኝ። ስንወጣ ታስርልኛለህ።”

ያለ ማተብ መሞትን ከመታሰር አብልጠው የሚፈሩ ሰው ናቸው ይህን ያሉት። በእጅጌዬ እጥፋት ውስጥ ደበቅሁት።

እኔን ምስክር ጠፋ ብለው ፈቱኝ። እሳቸውን ከዚያ ቀደም ብለው ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸዋል። የት እንደሆነ ለመጠየቅ ያልቆምሁበት በር የለም። በሁሉም በር “ምንህ ናቸው?” ይሉኛል፤ ዘመዴ አይደሉም ስል ይመልሱኛል።

መምህሩም ተፈቷል። ማራኪ ስንገናኝ ዛሬም ድኅነት አይጠፋም ይላል። የእናቴ ንስሐ አባት ይጠፋል ይላሉ። ሁለቱም ጥቅስ ሞልቷቸዋል፤ እኔ መስማት አስጠልቶኛል። አያ የት እንዳሉ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ክሩ ኪሴ ውስጥ ነው። ተፈትተው ከሆነ ለዓይናቸው ሕክምና ይመለሳሉ ብዬ፣ ከመካነ ብርሃን የሚመጣው መኪና በሚገባበት ሰዓት መናኸሪያ እወርዳለሁ። የሚወርዱትን ሽማግሌዎች አንገት አንገታቸውን አያለሁ። ሁሉም ማተብ አላቸው። እኔ የምፈልገው ባዶውን አንገት ነው።