ከቤት ጋር የሄደችው ብስክሌት

ከባሕር ዳር ወደ ጅጅጋ ልሄድ በዋዜማው ምሽት ሊሸኘኝ የመጣው ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነበር፤ ብስክሌትህን ጠብቅ። ባለቤቴ አስካለ እንዲያውም ወፍራም ሰንሰለት ገዝታ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ሌላው ሰው ስንቅ ተይዞለት ይሸኛል፣ እኔ እንደ እስረኛ ታስሬ ተሸኘሁ።

ዲሽ ገጣሚ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የጎረቤቴን ቲቪ አበላሽቼ፣ መልሼ ሠርቼ ነው የተማርኩት። ዛሬ ጅጅጋ ውስጥ እኔ ያልወጣሁበት ጣሪያ ካለ፣ ያ ቤት ጣሪያ የለውም ማለት ነው። መሰላሉም ገመዱም ዲሹም የሚጫነው ብስክሌቷ ላይ ነው። እሷ ከጠፋች እኔ ሰማይ ሰማይ የማይ ሥራ ፈት ነኝ።

ስለዚህ ካራማራን ስንሻገር ሁሉም ተራራውን ያያል፣ እኔ ብስክሌቷ የተጫነችበት የአውቶቡሱ ጣሪያ ኮሽ ባለ ቁጥር አንገቴን አወጣለሁ። ጅጅጋ ገባሁ። እኛ ጋ ሐይቁ የሚልከው አየር ያባብልሃል፤ እዚህ ነፋሱ የሚከራከርህ ይመስላል። ቁርሱ አንጄሮ ነው፣ የእንጀራ ታናሽ ወንድም በሉት፤ በዘይትና በስኳር ይበላል። ስኳሩ ምን ሊደብቅ ነው ብዬ መጀመሪያ ጠርጥሬ ነበር። አሁን ጨምሩልኝ እላለሁ።

አከራዬ አደር ፋራህ ናቸው፤ አደር አጎት እንደማለት ነው። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ብስክሌቱን ከአልጋህ እግር ጋር ነው አሉ የምታስረው።»

«ለጥንቃቄ ነው፣ አደር።»

«ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና ሚስቴ ነን። ማንን ጠርጥረህ ነው?»

«ኧረ ማንንም።»

«ሚስቴን ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ እኔን ነው።»

ሳቅኩ። ግን ሰውየው ይህን ያህል ማሰባቸው ራሱ አጠራጠረኝ። ሀርሺን ከተማ አንድ ሻይ ቤት ዲሽ እንድገጥም ስጠራ፣ ብስክሌቷን እሳቸው ጋ ትቼ? በጭራሽ። አይሱዙ ላይ ጭኜ ይዣት ሄድኩ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት አብዲ «ውስጥ አስገባት» አለኝ። በሩን አየሁት፤ ቁልፍ የለውም። አብዲንም አየሁት፤ ሲበዛ ይስቃል። ከከተማው ዳር አንዲት አሮጊት የሚኖሩበት፣ በምንጣፍ የተሸፈነ ጎጆ አገኘሁ። ምሰሶው ጠንካራ ነው። እሱ ላይ አሰርኳት፤ ጎማዋንም ፍሬሟንም ጠፍሬ። አሮጊቷ ወጥተው በሶማሊኛ ብዙ አወሩኝ። አልገባኝም። እንዴት የምታምር ብስክሌት ናት ያሉኝ መስሎኝ አመሰግናለሁ አልኳቸው።

ጠዋት ስመጣ ብስክሌት የለም። ምሰሶ የለም። ቤት የለም። አመድና የግመል ፋንድያ ብቻ።

ወደ ፖሊስ ሮጥኩ።

«ምን ተሰረቀ?»

«ብስክሌት።»

«ማን ወሰደው?»

«ቤት።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቤቱስ የት ነው?»

«በግመል ተጭኖ ሄዷል።»

«ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ አርብቶ አደር ነቅሎ ሊጭነው ከተዘጋጀ ጎጆ ጋር ብስክሌት ታስራለህ? ሴትዮዋ ነገ ውሃ ፍለጋ እንሄዳለን አላሉህም?»

«ብለውኝ ይሆናል። እኔ አመስግኛቸዋለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ፣ ጠብቅ አሉኝ።

ለአስካለ ደወልኩ። ለበዓል ልመጣ ነበር፤ ብስክሌቷ ሳትገኝ አልመጣም አልኳት። ጅጅጋ ተመልሼ መሰላል በትከሻዬ እየተሸከምኩ፣ የብስክሌት ደወል በሰማሁ ቁጥር እየዞርኩ ከረምኩ። አደር ፋራህ ከሀርሺን በኩል የሚመጡትን ወተት ነጋዴዎች ያጠያይቁልኝ ነበር። እየሳቁ ስለሚያጠያይቁ እሳቸውንም ጠረጠርኩ።

ዝናቡ ጣለ። ወተት ነጋዴዎቹ ወሬ አመጡ፤ ሴትዮዋ ሀርሺን ተመልሰዋል። በረርኩ። ብስክሌቷ በምንጣፍ ተጠቅልላ ጎጆው ውስጥ ተኝታለች፤ ሰንሰለቷም እንዳለ። አሮጊቷ ግን ከፊቷ ቆሙ። አብዲ አስተረጎመልን።

«የሱ ከሆነ ይክፈተው ይላሉ።»

ቁልፌን አውጥቼ ከፈትኩ። ያኔ ገለል አሉ።

«ምሰሶው ሲነቀል ሰንሰለቱ ሾልኮ ወጣ፤ ጎማው ግን አይዞርም። ግመል ላይ ጭነው ነው ያዞሩት። የግመሌን ጎን ልጦብኛል ይላሉ።»

«አንተ ጋ ትተዋት ቢሄዱ ምን ነበር?»

አብዲ ጠየቃቸው። መልሳቸውን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ጠፋ።

«አብዲን አልፎ እኔ ጋ መጣ። ባለቤቱ ላላመነው ሰው አደራ እንዴት እሰጣለሁ? አሉ።»

ብስክሌቷን እየገፋሁ ተከትዬው ሻይ ቤቱ ገባሁ። ሻዩን ሳይጠይቀኝ ቀዳልኝ፤ እኔም አፍሬ ጠጣሁ።

ማታ ከጅጅጋ ለአስካለ ደውዬ ተገኘች አልኳት። እልል ትላለች ብዬ ነበር።

«እንግዲህ ተገኘች» አለች። «መቼ ልትመጣ ነው?»

ሥራው፣ ጣሪያው፣ ደንበኛው፤ ለመቅረት የሚሆን ሰበብ በልቤ ደረደርኩ።

«ትሰማኛለህ?»

ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልኳት። ድምጿ ግን ጎኔ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማኝ።