መልስ ያልሰጠሁት ጠጠር

ጋሼ «ጎ» የሚባለውን የጠጠር ጨዋታ የተማሩት ኦቤትስ ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ አብሯቸው ይሠራ ከነበረ ኮሪያዊ ነው። ጡረታ ወጥተው ተጫዋች ሲያጡ እኔን ያዙኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግሮቭ ሲቲ ካለው ሥራዬ ስወጣ ብሌንደን ታውንሺፕ ወዳለው አፓርትማቸው እሄዳለሁ። እሳቸው ነጭ፣ እኔ ጥቁር ጠጠር በየተራ ሰሌዳው ላይ እናስቀምጣለን፤ ብዙ ቦታ የከበበ ያሸንፋል። ማዕዘን ለመክበብ ስለሚቀል ጨዋታው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ማዕዘናቸው አጠገብ ጠጠር ሳስቀምጥ እሳቸው በወዲያኛው በኩል ሌላ ጣል ያደርጉና የኔን መሐል ያስገቡታል። «ፒንሰር» ይሉታል። እኔም ወዲያው ለማስመለጥ እሯሯጣለሁ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ትልቅ ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ ሌላ ቦታ ዞር ማለት ንቀት ይመስለኛል። ጋሼ ከጓዳ ብቅ ባሉ ቁጥር እንኳ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ስልክ ሲጠራም ሳላነሳ ቀርቼ አላውቅም፤ ሱፐርቫይዘሬ ይህን ጠባዬን አሳምሮ ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ መረራቸው።

«ስማ ልጄ፣ ሁሌ እኔ ወደነዳሁህ ነው የምትሄደው። ይሄ ብቻዬን መጫወት ነው። ዛሬም እንደዚያ ካደረግህ በቃ፣ ክዊት አደርጋለሁ።»

ደነገጥኩ። ከሳምንቱ ቀኖች ሁሉ የምወዳት እሷኑ ቅዳሜን ነበር።

ፒንሰሩ እንደተለመደው መጣ። እጄ ወደ ጠጠሬ ሄደ፤ ከመንገድ መለስኩት። ባልመልስላቸውስ? ምን ይመጣል? ባዶው ማዕዘን ላይ አስቀመጥኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ ጋሼ። ይቅርታ።»

ይቅርታ ማለቴ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ጠጠሬን አፈኑት። እኔም ያ ማዕዘን ላይ ሌላ ጠጠር ደገምኩ። ዓይኔ ግን ከታፈነው አልነቀል አለ። አንድ ጠጠር ነው እኮ! ሰማይ አልተደፋም። ስንቱን ነገር ለማዳን ዝም ብዬ እንደሮጥኩ ሳስብ በራሴ ተናደድኩ።

ያም ሆኖ ተሸነፍኩ፤ በጥቂት። ጋሼ ጠጠሮቹን ሰብስበው ሰሌዳውን አጠፉት። አትምጣ ሊሉኝ ኮል ያደርጋሉ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን ፈራሁት። አልደወሉም።

ቅዳሜ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀኝ። ሰሌዳው ተዘርግቷል። ስገባ ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«ኖር!»

«ኧረ በእግዜር ጋሼ! ይቀመጡ እንጂ!»

እንቢ አሉ። እኔ እስክቀመጥ ቆመው ጠበቁ።